የውጭ ትምባሆ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት፦ ሕጉና ወጪው

ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ የውጭ ትምባሆ በሕግ ፊት ሁለት ዓይነት ነው፤ ፈጽሞ የተከለከለና በፈቃድ ብቻ የሚገባ። የመጀመሪያውን ምንም ያህል ቀረጥ ቢከፈልበት ሕጋዊ ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛው ይገባል፤ ግን ፈቃዱም ታክሱም ብዙ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ነጋዴ ወይም መንገደኛ ዕቃውንና ገንዘቡን ያጣል፣ ሲብስም ይታሰራል።

ክልከላ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ማጨስን አግደው ነበር። ያጨሰ ሰው ከንፈሩ እንደሚቆረጥ የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ያም ሆኖ ትምባሆ የሚጨስበት ጋያና በአፍንጫ የሚሳበው ሱረት ከብዙ አካባቢዎች አልጠፉም። ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ መንግሥት መንገዱን ቀየረ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ንግዱን በእጁ አደረገ። ኒያላን የመሳሰሉ ሲጋራዎችን የሚያመርተው ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት የዚያ ወራሽ ነው። የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። የውጭ ሲጋራ የሚያስገባ ሰው እንግዲህ የሚገጥመው በቅርቡ የተከፈተ ገበያ ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት በአንድ ድርጅት እጅ የቆየ ንግድ ነው።

የዛሬው ሕግ መሠረት የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። ጥርስ ያለው ሕግ የመጣው ግን ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም ከለከለ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ማስታወቂያም እንዳይሠራ አገደ። በፓኮው የፊትና የኋላ ገጽ ላይ የጤና ማስጠንቀቂያ ምስልና ጽሑፍ 70 በመቶውን እንዲሸፍን አዘዘ። ለሌላ አገር ገበያ የታሸገ ሲጋራ ይህን ማስጠንቀቂያ ስለማይይዝ፣ ዋናው ዓይነት የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ፓኮው ራሱ ሕገ ወጥነቱን ይናገራል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሚኖርበት ከተማ ከሱቅ በደረሰኝ የገዛው ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ቦሌ አየር ማረፊያ ሲደርስ የተከለከለ ዕቃ ነው። ደረሰኙም አይጠቅመውም፤ ጥያቄው የዋጋ ሳይሆን የክልከላ ነውና።

በፈቃድ በሚገባው ሲጋራ ላይ ደግሞ ወጪው ይደራረባል። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ አለ፤ በአገሪቱ ከፍተኛው ምጣኔ 35 በመቶ ነው። ከዚያ ኤክሳይዝ ታክስ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለሲጋራ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ 20 ፍሬ ለሚይዝ ፓኮ 8 ብር ደነገገ። ቀጥሎ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና 3 በመቶ ቅድመ ግብር አሉ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው ቀረጡና ኤክሳይዙ ከተደመሩ በኋላ ስለሆነ በታክስ ላይ ታክስ ይከፈላል። የጅቡቲ ወደብና የየብስ ማጓጓዣ ወጪም አለ።

የምንዛሪው ነገር ይህን ሁሉ አክብዶታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመቶኛ የሚሰላው ታክስም በብር አብሮ አደገ፤ በፓኮ 8 ብር የተባለው ቁርጥ ታክስ ግን ጉልበቱን አጣ።  ቁርጥ ታክስ ከዋጋ ንረት ጋር ካልተስተካከለ ዓላማው ይከሽፋል።

ኮንትሮባንዱ የሚኖረው ከዚህ ሁሉ ክፍያ በማምለጥ ነው። ሮዝማንን የመሳሰሉ ሲጋራዎች ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በምሥራቅ በኩል ይገባሉ። የጉምሩክ ሕጉ ቅጣት ዕቃውን ብቻ አይነካም፤ እስራትና መቀጮ አለ፣ የተጫነበት መኪናም ሊወረስ ይችላል።

የኮንትሮባንዱ ውጤት አዲስ አበባ ውስጥ እስከ የካ ክፍለ ከተማ ድረስ ይታያል። በመገናኛ ታክሲ ተራ፣ በሾላ ገበያ ዙሪያና በኮተቤ መንገድ ሱቅ በደረቴዎች ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ሲጋራ በፍሬ ይሸጣሉ። ገዢው ፓኮውን ስለማያየው ማስጠንቀቂያውን አያነብም፣ ሲጋራው ከየት እንደመጣም አያውቅም። የገቢዎች ሚኒስቴር ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በዚሁ በመገናኛ አካባቢ ነው፤ ሆኖም እስቴካው ተፈቶ በፍሬ ከተበተነ በኋላ ማንም ተቆጣጣሪ ሊደርስበት አይችልም። ቁጥጥሩ መጥበቅ ያለበት በኬላና በመጋዘን ነው፤ የዕለት ጉርሱን የሚለቅም ልጅ ማሳደድ አስመጪውን አይነካውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን 5 በመቶ ነበሩ። ከብዙ አገሮች አንጻር ዝቅተኛ ቁጥር ነውና ሊጠበቅ ይገባዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው አንባቢም ቬፕና የሺሻ ትምባሆ በሻንጣው እንዳይጭን ከመሳፈሩ በፊት ይንገረው።