ድምፅና ብርሃን በቦይ ሲመሩ



ውሃ ቦይ ካልተቀደደለት በየሜዳው ፈስሶ እንደሚቀር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የድምፅና የብርሃን ጠባይም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ሰው ከኰረብታ ላይ ሆኖ ቢጣራ ቃሉ ወደ ተጠሪው ጆሮ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም፥ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይበተናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኀይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። የመብራትም ነገር እንደዚሁ ነው። በእጅ የያዝነው ፋኖስ ደጃችንን ያበራልን እንደ ሆነ ነው እንጂ ማዶ ላለው መንደር አይተርፍም።

ለእነዚህ ለሁለቱ ቦይ የቀደዱላቸው ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ በዛሬው ጽሑፋችን እንተርካለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናስታውቃችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦዩን ማግኘት አስቸጋሪ ነገር አልነበረም። መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀው ቦዩን ከጉድፍ ማጥራት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በድምፅ እንጀምር። በ1808 ገደማ ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ባፕቲስት ቢዮ በፓሪስ ከተማ ለውሃ የተዘረጋ፥ ነገር ግን ውሃ የሌለበት የብረት ቧንቧ አግኝቶ መረመረ። የቧንቧው ርዝመት 951 ሜትር ነበር። በአንደኛው ጫፍ የተንሾካሾኩት ቃል ሳይጐድል በሌላው ጫፍ ተሰማ። ቢዮ ራሱ እንደ መሰከረው፥ ላለመሰማት የነበረው ዘዴ ጨርሶ አለመናገር ብቻ ነበር። ደግሞም የብረቱን ጫፍ አንድ ጊዜ ሲመቱት ወዲያ ማዶ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ መጀመሪያ በብረቱ ውስጥ የሄደው ይደርሳል፥ ከ2 ሴኮንድ ተኩል በኋላ ደግሞ በቧንቧው አየር ውስጥ የሄደው ይከተላል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገው፥ ቧንቧው ድምፁን አላጐላውም። መበተኛ መንገድ ነሣው እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው በፓሪስ፥ ኔኬር በሚባለው ሆስፒታል፥ ሬኔ ላኔክ የሚባል ሐኪም የልብ ሕመም ያላትን አንዲት ወጣት ሴት ሊመረምር ቀረበ። በዚያ ዘመን ሐኪም ጆሮውን በሕመምተኛው ደረት ላይ አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር። ከሴቲቱ ጋር ግን ይህን ማድረግ ለጨዋነት የማይገባ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ወረቀት ጠቅልሎ አንደኛውን ጫፍ ከደረቷ ላይ፥ ሌላውን ከጆሮው ላይ ቢያደርግ፥ የልቧ ምት ከዚህ ቀደም በጆሮው ብቻ ሰምቶት ከሚያውቀው ይልቅ ጠርቶ መጣለት። ኋላም ወረቀቱን በእንጨት ለውጦ፥ ያገኘውን ሁሉ በ1819 በመጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ሐኪሞች ከአንገታቸው ላይ የሚያጠልቁት የማዳመጫ መሣሪያ የተወለደው እንግዲህ ከሐፍረት ነው።

በመርከብም ላይ አዛዡ ከላይ ሆኖ ለሞተረኞች ትእዛዝ የሚሰጠው፥ በታላላቅ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም ጌታው ከክፍሉ ሳይወጣ ሠራተኛውን የሚጠራው በእንዲህ ያለ ቧንቧ ነበር። የቧንቧው አፍ በፉጨት ክዳን ይዘጋል፤ ጠሪው እፍ ሲልበት ወዲያ ማዶ ይጮኻል፥ ተጠሪውም ክዳኑን ነቅሎ ጆሮውን ያስጠጋል። ቴሌፎን እስኪስፋፋ ድረስ ይህ እንደ ትልቅ ሥልጣኔ ይቈጠር ነበር።

የብርሃን ቦይ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ ስለ ድምፅ በመረመረ ሰው ነው። ይህ ሰው የጄኔቫው ተወላጅ ዳንኤል ኮላዶን ነው። በ1826፥ ገና ወጣት ሳለ፥ ከወዳጁ ከሻርል ስቱርም ጋር በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ድምፅ በውሃ ውስጥ ያለውን ፍጥነት ለካ። ከአንደኛው ጀልባ ሥር የተሰቀለ ደወል በውሃው ውስጥ ሲመታ፥ በዚያው ቅጽበት ከላይ ባሩድ ቦግ ይላል። ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሌላ ጀልባ የተቀመጠው ሰው ብልጭታውን በዓይኑ አይቶ፥ ውሃ ውስጥ በገባ ረዥም የቆርቆሮ መለከት የደወሉን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ጊዜውን ይቈጥራል። የተገኘው ፍጥነት በሴኮንድ 1,435 ሜትር ነበር። በአየር ውስጥ ካለው ከአራት እጥፍ ይበልጣል።

ይኸው ኮላዶን በ1841 በጄኔቫ ስለ ውሃ አፈሳሰስ ሲያስተምር አንድ ችግር ገጠመው። ከበርሜል ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ እንዴት እንደ ቀስት እየታጠፈ እንደሚወርድ ለማሳየት ቢፈልግም፥ አዳራሹ ጨለማ ስለ ነበር ከኋላ የተቀመጡት ሊያዩት አልቻሉም። ስለዚህ የፀሐይን ብርሃን በቱቦ ወደ አዳራሹ አስገብቶ፥ በውሃው ውስጥ አሳልፎ በቀዳዳው ላይ እንዲያርፍ አደረገው። በዚህ ጊዜ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ብርሃኑ ቀዳዳውን አልፎ ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ ከውሃው ጋር ታጠፈ። ውሃው እንደ ቀስት ሲጐብጥ ብርሃኑም በውስጡ ጐበጠ፤ ውሃው ወርዶ ከሥሩ ባለው ነገር ላይ ሲከሰከስ ግን ብርሃኑ በዚያ ቦታ ቦግ ብሎ ታየ።

ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ታዲያ እንዴት ሊጐብጥ ቻለ? ብርሃኑስ አልጐበጠም። በውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከውሃውና ከአየሩ ድንበር ይደርሳል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ውስጥ ይነጥራል፤ እንደ ገና ቀጥ ብሎ ሄዶ በወዲያኛው ድንበር ይነጥራል። እንዲህ በጥቃቅን እርምጃ እየተመላለሰ መንገዱን ይፈጽማል። የዚህ ምክንያቱ ብርሃን በውሃ ውስጥ ሲሄድ ከአየር ውስጥ ይልቅ ዝግ የሚል መሆኑ ነው። ዝግ ከሚልበት ወደሚፈጥንበት ሲያልፍ ይሰበራል። ወደ ድንበሩ እጅግ አጋድሎ የመጣ እንደ ሆነ ግን ማለፊያ ያጣና ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ለውሃ ወሰኑ፥ በድንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ተነሥቶ ሲለካ፥ 49 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን ነገር ኬፕለር በ1611 ጽፎት ነበር። እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ፤ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ከዓይናችሁ ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ ከጐን በኩል ከሥር ወደ ላይ የውሃውን ገጽ ብትመለከቱ፥ እንደ ተወለወለ ብር ሲያበራ ታገኙታላችሁ። በብር የተለበጠ የፊት መስተዋት እንኳ በእያንዳንዱ ንጥረት ከብርሃኑ ጥቂት ይበላል። ይህ ድንበር ግን ከብርሃኑ ምንም አያጐድልም።

ኮላዶን ይህን በ1842 በፓሪስ በታተመ መጽሔት አስታወቀ። በዚያው ጊዜ ዣክ ባቢኔ የሚባል ፈረንሳዊም ብርሃን በተቈለመመ የመስተዋት ዘንግ ውስጥ እንደዚሁ እንደሚመራ፥ የአፍን ውስጥ ለማየትም እንደሚጠቅም ተናገረ። ይህን የመሰለ ቁም ነገር የተከታተለው ግን አልነበረም። የፓሪስ ኦፔራ ለመድረክ ጌጥ አደረገው፤ በ1884 በለንደን፥ በ1889 ደግሞ በፓሪስ ኤግዚቢሽን በልዩ ልዩ ቀለም የሚያበሩ ፏፏቴዎች ሕዝቡን አስደነቁ። ሰው የሚያስደንቀውን ነገር ለማየት የሚሰለፈውን ያህል ምን እንደሚሠራበት ለመጠየቅ አይሰለፍም።

በ1854 አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል በለንደን በታወቀው የሳይንስ ማኅበር አዳራሽ ይኸንኑ የውሃ ትርኢት አሳየ። ቲንዳል ንግግር ዐዋቂና ስመ ጥር ስለ ነበር፥ ከዚያ በኋላ የተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ነገሩን የጀመረው እርሱ ነው እያሉ መዘገቡት። አረጋዊው ኮላዶን በ1884 በአንድ የፈረንሳይ መጽሔት ላይ ጽፎ መብቱን ቢያስታውስም ሰሚው ጥቂት ነበር። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። አሳቡን ያመነጨው ጸሐፊ ስም በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ይገኛል፤ ወረቀቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገልብጦ ከላይ ሲደርስ ግን የፈራሚው ስም ብቻ ይቀራል። እኛ በበኩላችን የብርሃኑን ቦይ የኮላዶን ቦይ ብንለው ፍርድ አጓደሉ የሚለን አይኖርም።

ቴሌፎንን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1880 የሰውን ቃል በብርሃን ላይ ጭኖ በዋሽንግተን 213 ሜትር ያህል አሻገረ። ይህን ሥራውን ከቴሌፎን ያስበልጠው ነበር። ዳሩ ግን ብርሃኑ ያለ ቦይ በአየር ላይ የሚሄድ ስለ ሆነ ጉምና ዝናብ ይጋርደው ነበር። ሎርድ ሬይሊ በ1897 የኤሌክትሪክ ሞገድ በባዶ የብረት ቧንቧ ውስጥ ሊሄድ እንደሚችል በሒሳብ አስረዳ፤ ሞገዱ ለቧንቧው ስፋት እጅግ ረዥም የሆነ እንደ ሆነ ግን አይገባም። ይህም ጽሑፍ ተረስቶ ቈይቶ፥ በ1936 ሁለት አሜሪካውያን፥ ሳውዝዎርዝና ባሮው፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ እንደ ገና ደረሱበት።

የመስተዋቱን ቦይ ወደ ሥራ ያስገቡት እንደ ገና ሐኪሞች ናቸው። በ1930 ሃይንሪሽ ላም የሚባል የሙኒክ የሕክምና ተማሪ ቀጫጭን የመስተዋት ክሮች እንደ ነዶ አስሮ፥ የአንድ አምፑል ሽቦ ምስል በእነርሱ ውስጥ አሳለፈ። ምስሉ ግን የደበዘዘ ነበር፤ እርሱም አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገሩን ለቅቆ ሄደ። የላም ነዶ ጕድለት፥ ክርና ክር በተነካኩበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያፈስ መሆኑ ነው። መድኀኒቱንም አሜሪካዊው ብራያን ኦብራየን አመለከተ፤ ሆላንዳዊው አብርሃም ቫን ሄል ደግሞ ሠርቶ በ1954 አሳወቀ። ይኸውም እያንዳንዱን ክር ብርሃን ይበልጥ በሚፈጥንበት ሌላ ነገር መለበጥ ነው። በዚህም ድንበሩ ከአቧራና ከጣት እድፍ ተጠበቀ። በ1956 መጨረሻ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላሪ ከርቲስ የሚባል ተማሪ የመስተዋት ዘንግ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አግብቶ ሁለቱን በአንድነት አቅልጦ እንደ ክር ጐተታቸው። በተከታዩ ዓመት ሐኪሙ ባዚል ሂርሾዊትዝ ከዚህ ክር የተሠራውን የጨጓራ መመልከቻ በሕመምተኛ ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሱ ዋጠው።

ለጨጓራ ጥቂት ክንድ ያህል ክር ይበቃል። ከአገር ወደ አገር ወሬ ለማስተላለፍ ግን የዚያን ዘመን መስተዋት የማይታሰብ ነበር። ከገባው ብርሃን 20 ሜትር ርቀት ላይ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ታላላቅ ሊቃውንት ተስፋቸውን በብረቱ ቧንቧ ላይ ጣሉ። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት ደክመውበት፥ በ1975 በኒው ጀርሲ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ቀብረው ሞከሩት። ቧንቧው ሠራ፤ ነገር ግን እጅግ ቀጥ ብሎ መዘርጋት ስለ ነበረበት ወጪው ከበደ፤ በመስተዋቱ ክርም ተቀደመ።

በእንግሊዝ አገር፥ በሃርሎው ከተማ፥ በሻንጋይ የተወለደው ወጣት መሐንዲስ ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆካም ጋር በ1966 ያወጣው ጽሑፍ ሌላ ነገር ይል ነበር። ብርሃኑን የሚበላው መስተዋቱ ራሱ አይደለም፤ በውስጡ የተቀላቀለው ብረትና ሌላው ጉድፍ ነው፤ ጉድፉ ቢወጣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ አንድ እጅ ማስቀረት ይቻላል፥ ይህም ለቴሌፎን ሥራ ይበቃል አለ። ብዙዎች አላመኑትም። ካኦ ግን ወደየአገሩ የመስተዋት ሠሪዎች እየሄደ አስረዳ፤ በ1969 ደግሞ ንጹሕ የተባለውን የሲሊካ መስተዋት ለክቶ ቃሉን አጸና።

በአሜሪካ የኮርኒንግ ፋብሪካ የሚሠሩት ሮበርት ሞረር፥ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ መስተዋቱን ከአሸዋ ማቅለጥ ትተው ከጋዝ በእሳት ነበልባል እንደ ጥላሸት እያጠራቀሙ ሠሩት፤ ከጋዝ የሚወጣ ነገር ጉድፍ አያስከትልምና። በ1970 ካኦ ከጠየቀው የተሻለ ክር አገኙ። ዛሬ የሚሠራው ደግሞ ከመቶ አንድ እጁ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ነው። ሃያ ሜትር የነበረው መቶ ሺህ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የክሩ ውፍረት 125 ሚክሮን ሲሆን፥ ብርሃኑ የሚሄድበት መካከለኛው ክፍል 9 ሚክሮን ያህል ነው፤ አንድ ሚክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ ነው።

በ1956 በአትላንቲክ ባሕር ሥር የተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌፎን ሽቦ በአንድ ጊዜ 36 ንግግር ያስተላልፍ ነበር። በ1988 በዚያው ባሕር የተዘረጋው የመጀመሪያው የመስተዋት ገመድ 40,000 ያህል ተሸከመ። የባሕር በር የሌላት አገራችንም ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው የመስተዋት መንገዶች አንዱ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ይደርሳል።

ካኦ የኖቤልን ሽልማት በ2009 ሲቀበል ዕድሜው 76 ዓመት ነበር። የማስታወስ ኀይልን በሚያጠፋ በሽታ ተይዞ ስለ ነበር፥ በስቶክሆልም ተሸላሚዎች የሚያደርጉትን ንግግር በእርሱ ፈንታ ያደረገችው ባለቤቱ ግዌን ናት።