የሐድሪያን ግንብ ድንጋዮችና የሄክሳም ከተማ

በእንግሊዝ አገር ሰሜናዊ ክፍል፣ በታይን ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኘው ሄክሳም አነስተኛ የገበያ ከተማ ናት፡፡ ከኒውካስል በስተ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፡፡ የሮማውያንን የጠረፍ ግንብ ለማየት የሚመጡ መንገደኞች ማረፊያቸውን በዚያ አድርገው፣ ጧት ወጥተው ማታ ለመመለስ ይችላሉ፡፡ ይሁን እንጂ ብዙው ጎብኚ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፍርስራሹን ፍለጋ ከከተማዪቱ ከመውጣቱ አስቀድሞ በፍርስራሹ መካከል የቆመ መሆኑ ነው፡፡

የሄክሳምን ገዳም ያሠራው ጳጳሱ ዊልፍሪድ ሲሆን፣ ጊዜውም 674 ዓ.ም. ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፡፡ ከዊልፍሪድ ሕንፃ ከምድር በታች ካለው ክፍል በቀር ብዙው ጠፍቷል፡፡ ያም ክፍል የተሠራው ሮማውያን ጠርበው በተዉት ድንጋይ ነው፡፡ ደረጃውን ወርዶ ግድግዳውን ለሚመረምር ሰው፣ ጌጥና የሮማይስጥ ፊደል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች እዚህም እዚያም ይታዩታል፡፡ ከነዚህ አንዱ የቄሣር ሴቬሩስንና የሁለት ልጆቹን ስም የያዘ ነበር፡፡ ታናሹ ልጅ በ211 ዓ.ም. በወንድሙ በካራካላ ትእዛዝ ከተገደለ በኋላ ስሙ ከየሐውልቱ እንዲፋቅ ስለ ታዘዘ፣ በዚህም ድንጋይ ላይ ስፍራው ተፍቆ ይታያል፡፡ የሮማ ቤተ መንግሥት የወንድማማች ጠብ በዚህ ሩቅ ጠረፍ ሳይቀር መዶሻና መሮ አስነሥቷል፡፡ ከላይ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ ፍላቪኑስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር ዐርማ ተሸካሚ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል፡፡ ዕድሜው 25፣ አገልግሎቱም 7 ዓመት እንደ ነበረ ተጽፎበታል፡፡ እስከ 1881 ዓ.ም. ድረስ ይህ ድንጋይ በገዳሙ ሕንፃ መሠረት ውስጥ ተቀብሮ ነበር፡፡

ቄሣር ሐድሪያን ወደ ብሪታንያ የመጣው በ122 ዓ.ም. ነው፡፡ ሦስት ሌጌዎኖች የሠሩት ግንብ በምሥራቅ ከታይን ወንዝ ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ሶልዌይ የባሕር ወሽመጥ 80 የሮማ ማይል፣ ማለት 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፡፡ በየማይሉ በር ያለው ትንሽ ምሽግ፣ በየሁለቱ ምሽጎች መካከልም ሁለት ማማ ነበረው፡፡ ጠላትን ለማገድ ብቻ የታሰበ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል በር ባላስፈለገው ነበር፤ ገቢና ወጪውን ሰው መቈጣጠርም አንዱ ዐላማ እንደ ነበረ አሠራሩ ራሱ ይመሰክራል፡፡

የሮማ አስተዳደር በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከብሪታንያ ሲነሣ ግንቡ ባለቤት አጣ፡፡ ተጠርቦ የተዘጋጀ ድንጋይ በደጃፉ ያለው ሰው ሌላ ድንጋይ ሊፈልጥ ወደ ተራራ አይወጣም፡፡ ስለዚህም ቤተ ክርስቲያኑም፣ የመኳንንቱ ግንብም፣ የገበሬው አጥርም ከዚያው ተሠራ፡፡ ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ከፍ ያለውን ጥፋት ያደረሰው ግን መንግሥት ነው፡፡ በ1745 ዓ.ም. የስቱዋርት ወገን ዐመፀኞች ካርላይልን ሲይዙ፣ በኒውካስል የነበረው የጄኔራል ዌድ ጦር መንገድ በማጣት ሊደርስ አልቻለም፡፡ ከዚህም የተነሣ በ1750ዎቹ ዓመታት የጦር መንገድ ሲሠራ፣ ግንቡ በብዙ ኪሎ ሜትር ርዝመት ፈርሶ ለመንገዱ መሠረት ሆነ፡፡ የዛሬው ጎብኚ በዚያው መንገድ ሲጓዝ፣ ግንቡን የሚፈልገው በግንቡ ላይ እየሄደ ነው፡፡

ከሄክሳም በስተ ሰሜን፣ ፕላንትሪስ በተባለ ስፍራ አጭር የግንብ ቁራጭ ቀርቷል፡፡ ዊልያም ሐተን የተባለ የ78 ዓመት ሽማግሌ በ1801 ዓ.ም. ከበርሚንግሃም በእግሩ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ፣ የመሬቱ ባለቤት የእርሻ ቤት ለማሠራት ግንቡን ሲያስፈርስ አገኘው፡፡ 87 ሜትር ያህል አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር፡፡ ሽማግሌው እያለቀሰ እንዲተውለት ለመነ፡፡ ዛሬ በዚያ የሚታየው ቁራጭ ለዐይን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ መሠረት ተጥሎ ከላዩ ጠባብ ግንብ መሠራቱን፣ ይኸውም ሥራው ከተጀመረ በኋላ ዕቅዱ መለወጡን በግልጽ ያሳያል፡፡

ከልመና የበረታው ግን ገንዘብ ነበር፡፡ የኒውካስል ከተማ ጸሐፊ የነበረው ጆን ክሌይተን፣ ቤቱ በቼስተርስ የፈረሰኞች ምሽግ አጠገብ ስለ ነበረ፣ ከ1834 ዓ.ም. ጀምሮ ግንቡ የሚያልፍባቸውን እርሻዎች እየገዛ ማፍረሱን አስቀረ፡፡ በ1890 ዓ.ም. ሲሞት አምስት ምሽጎች በእጁ ነበሩ፡፡ ሠራተኞቹ የወደቁትን ድንጋዮች መልሰው ስለ ካቡ፣ ጎብኚው በገደሉ ጫፍ ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ግንብ ብዙው በነርሱ እጅ የተካበ ነው፡፡

እንግዲህ ድንጋዩ ይህን ሁሉ ሲያይ፣ ስለ ጠረፉ ኑሮ ከሁሉ አብልጦ የነገረን የተጣለ ጥራጊ ነው፡፡ ከግንቡ በስተ ደቡብ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው፣ ከግንቡም በፊት በተቈረቈረው በቪንዶላንዳ ምሽግ፣ ሮቢን በርሊ በ1973 ዓ.ም. ሲቈፍር በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገጾች አገኘ፡፡ አየር በማይገባው እርጥብ ዐፈር ውስጥ ስለ ቈዩ አልበሰበሱም፡፡ እስካሁን የተገኙት ከ1,700 ይበልጣሉ፡፡ ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች የአዛዥ ሚስት ባልንጀራዋን ለልደት በዓሏ የጠራችበት ደብዳቤ ዝናው ሰፊ ነው፡፡ ከዚያ የማያንሰው ግን አንድ የሠራዊት መግለጫ ነው፡፡ በመዝገብ 752 ሰዎች የነበሩት ጭፍራ በምሽጉ የተገኙለት 296 ብቻ ናቸው፤ ከስድስቱ የመቶ አለቆችም በቦታው ያለው አንድ ነው፡፡ 337 ሰዎች ኮርያ ወደሚባለው ስፍራ፣ 46 ደግሞ ለአገረ ገዥው ዘብነት ሄደዋል፡፡ ካሉትም 15 ታመዋል፣ 6 ቈስለዋል፣ 10 ዐይናቸውን ታመዋል፡፡ ለሥራ ብቁ የሆኑት 265 ናቸው፡፡ ታላቁ የሮማ ጦር በአንድ ተራ ቀን በጽሕፈት ቤት ሲቈጠር እንዲህ ነበር፡፡

ቦታው በ1987 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ድንጋይ የሚወስድ የለም፡፡ ዛሬ የሚያሰጋው የዐፈሩ መድረቅ ነው፡፡ በማግና ምሽግ በ2023 ዓ.ም. ቁፋሮ ሲጀመር አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ረግረጉ ውሃው እየጐደለ አየር ከገባበት፣ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የቈየው ቈዳና እንጨት ቈፋሪው ሳይደርስበት ይበሰብሳል፡፡