መብራት ያልደረሰበት ማደሪያ፦ ከዘማች ጣቢያ እስከ ካምፓላ

ልጆቻችን በስልካቸው ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ፣ ያረጀ የመኝታ መኪና ታድሶ የበጎ ፈቃደኞች ማደሪያ ሲሆን ነው። ጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ቀን የተሰበሰበው ኃይል በባትሪ ተጠራቅሞ ማታ አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል። ውኃው በበርሜል ነው። ከመብራት ኃይል የሚመጣ ሽቦ የለም፣ ቆጣሪም የለም። ልጆቹ ይህ ትናንት የተፈጠረ ነገር ይመስላቸዋል። በበዓል ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብለው ቡና ከሚጠጡት ታላላቆቻችን መካከል ግን፣ ያለ ሽቦና ያለ ቆጣሪ ወራት ያሳለፉ አሉ። እነርሱ ያደሩበትን ቤት ታሪክ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ማስፈር የፈለግነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዘመቻው በፊት ነው። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ኢትዮጵያ ገቡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆኑ። እነዚህ በየከተማው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ነበሩና ስለ ማደሪያቸው ብዙ የሚባል የለም።

በመኪና የሚዞሩት የፈንጣጣ ማጥፊያ ሠራተኞች ናቸው። ሥራው በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር የአሜሪካ፣ የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ተሰለፉ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተገኙ። መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ መንገዱ ሲያልቅ በበቅሎና በእግር ይኬድ ነበር፤ ማደሪያው ድንኳን ወይም ገበሬው የለቀቀላቸው ጎጆ ነው። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ነው። መድኃኒቱ ደጃፍ ድረስ ባይሄድ ኖሮ ፈንጣጣው ከዚያ ባልወጣም ነበር።

ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ተንቀሳቀሱ። የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ማለት ይህ ነው። ካኪ ለብሰው የወጡት ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ናቸው፤ ብዙዎቹ ከእናታቸው ቤት ውጭ አድረው የማያውቁ የከተማ ልጆች ነበሩ። ያደሩት በትምህርት ቤት ክፍል፣ በድንኳን፣ ካልሆነም ራሳቸው ጭቃ አቡክተው በሠሩት ጎጆ ነው። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ከከተማ ወጥቶ ገጠር አልገባም። ስለዚህ ማታ ያለው ኩራዝ ነው፤ የተሻለ ጣቢያ ፋኖስ ወይም በእጅ የሚነፋ ማሾ ይኖረዋል። የፋኖሱን ብርጭቆ በየቀኑ ከጥላሸት ማጽዳት ተራ የሚገባለት ሥራ ነበር። ጋዙ ካለቀ ስብሰባውም መሠረተ ትምህርቱም ያልቃል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዜና ደግሞ በራዲዮኑ ድንጋይ ዕድሜ ይወሰናል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ቀን ማስረዘም የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። (የዛሬው ልጅ በፀሐይ ስልኩን ሲሞላ እኛ ፈገግ የምንለው ለዚህ ነው።)

ይሁን እንጂ ይህን ኑሮ ማሳመር አንፈልግም። ዘመቻው "በጎ ፈቃድ" ይባል እንጂ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን የመቀጠልም ሆነ ሥራ የማግኘት ተስፋው የተዘጋ ነበር። በፈቃዱ የሄደ ብዙ ነው፤ በተለይ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ ለጭሰኛው ምሥራቹን የነገረው ዘማቹ በመሆኑ ይኮራል። ሳይወድ የሄደም ብዙ ነው። በጅማና በሌሎችም ቦታዎች ከባለ ርስትና ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞተዋል። ጣቢያውን ጥለው የጠፉም ነበሩ። በዚያ ጎጆ በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ይከራከሩ የነበሩት ወጣቶች ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን በተለያየ ወገን ቆሙ፤ ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ ተገደለ፣ ገሚሱ ተሰደደ። በኬንያ ወይም በሱዳን ቆይተው በመጨረሻ ካምፓላ የደረሱት ከእነዚህ ወገን ናቸው። አንዳንዶች ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ዝም የሚሉት ረስተውት አይደለም።

ካምፓላም ቢሆን ጨለማን ከእኛ አላራቀችም። የኡጋንዳ መብራት የተመሠረተው በጂንጃ ላይ ነው፤ የኦወን ፏፏቴ ግድብ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ ሲቀንስ፣ በከፊል በድርቅ፣ በከፊልም ከሚገባው በላይ ውኃ ስለተለቀቀ፣ መብራት በተራ መታደል ሆነ። ካባላጋላና ካንሳንጋ በጄኔሬተር ጩኸት ተሞሉ። የዚያን ዓመት የፋሲካ ዶሮ በየቤታችን የተሠራው በሲጊሪ ከሰል ነው። ጎረቤቶቻችን ኡጋንዳውያን "ታዶባ" የሚሉትን የቆርቆሮ መብራት ሲለኩሱ፣ ታላላቆቻችን ወዲያው "ኩራዝ!" አሉ። ነገሩ ያው ነው፤ ቆርቆሮ፣ ክርና ጋዝ። ከዚያ ወዲህ የቡጃጋሊ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የካሩማ ደግሞ በ2024 ተመርቀዋል።

ዘምተው የነበሩት ወገኖቻችን ዛሬ ወደ ሰባ የሚጠጉ ወይም ሰባን ያለፉ ናቸው። ማኅበራችን ከእነርሱ ጋር እየተቀመጠ የጣቢያቸውን ስም፣ የቤቱን አሠራርና አብረዋቸው የነበሩትን ጓደኞች ታሪክ መጻፍ ይፈልጋል፤ ልጆችም ጥያቄ እንዲያዘጋጁና እንዲቀርጹ እንጠይቃለን። የዘመቻ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን ስጡን፤ ጣቢያውንና ዓመተ ምሕረቱን በጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉበት። ማውራት የማይፈልግ ሰው ካለ አትጎትጉቱት፤ ፎቶው ብቻ ይበቃናል።