ከፍትፍቱ ፊቱ



ውድ አድማጮቻችን፣ በሬዲዮ ስንገናኝ እናንተ ፊታችንን አታዩም፤ እኛም የእናንተን አናይም። ያለን ድምፅ ብቻ ነው። በጉርብትና፣ በሥራና በገበያ ግን ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ፊቱና እጁ ይናገራሉ። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ እንግዳ ከሚቀርብለት ምግብ በፊት የአስተናጋጁን ፊት እንደሚያይ መናገራቸው ነው። ዛሬ ስለዚህ ያለ ቃል ስለሚነገር ንግግር እናወጋለን። ለዚህም ከነጃሺ ችሎት የተሻለ መነሻ የለንም።

የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ የተሰደዱት በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ነበር። በሁለተኛው ስደት ከ80 የሚበልጡ ወንዶች፣ ሴቶችም ጭምር መጡ። ቁረይሾችም ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። ሁለቱ መልእክተኞች ጉዳዩ በንጉሡ ፊት ከመሰማቱ በፊት ለየሹማምንቱ የቆዳ ስጦታ አደሉ። ስጦታውም ከእነርሱ ቀድሞ ተናገረላቸው።

ወደ ንጉሥ የሚቀርብ ሰው መስገድ ይጠበቅበት ነበር። ሙስሊሞቹ ግን ሰላምታ ሰጥተው ገቡ እንጂ አልሰገዱም። ለምን ሲባሉ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከአላህ በቀር ለማንም እንደማይሰግዱ አስረዳ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። እምነታቸው የከለከለውን እንቅስቃሴ ተዉ፤ አክብሮትን ግን አልተዉም። ጀዕፈር ጥያቄውን በዝምታ አላለፈውም፣ ፊቱንም አላዞረም። በአደብ መለሰ፤ የንጉሡንም ፍትሕ አምነው መምጣታቸውን ነገረው።

ከዚያም ከሱረቱ መርየም አነበበ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳወራችው ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም የያዙት መጽሐፍ እስኪርስ አነቡ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ተጠይቀው ጀዕፈር ሲመልስ፣ ንጉሡ ከመሬት አንድ እንጨት አንስቶ ልዩነታቸው ከዚያች እንጨት እንደማይበልጥ ተናገረ። ሹማምንቱ በቁጣ በአፍንጫቸው ተነፈሱ፤ እርሱ ግን አልተበገረም። የቁረይሾችን ስጦታም አስመለሰ። በዚያ ችሎት ቋንቋ የማይሰማ ሰው ቢኖር እንኳ ስጦታው ሲመለስ አይቶ ፍርዱን ባወቀ ነበር።

ሌላም ታሪክ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር በዳዕዋ ተጠምደው ሳሉ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም መጣ። ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ዞር አሉ። በዚህም ምክንያት ሱረቱ ዐበሰ ወረደች። ዓይነ ስውር ሰው የተቋጠረ ፊት አያይም። ባላየው ነገር እንኳ የእርሱ ክብር ከተጠበቀ፣ አይቶ የሚያዝንማ ምን ያህል ይጠበቅለት? ያ ሰው በኋላ ከቢላል ጋር የመስጂዱ ሙአዚን ሆነ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡም በመዲና ይተኩት ነበር።

የነጃሺ ችሎት እምነታቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች የተገናኙበት ስፍራ ነበር። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ መገናኛ ብንፈልግ አቃቂ በሰቃ አንዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው በዚሁ አልፎ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ከህንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ፈላጊውን ከየአቅጣጫው ሳበ። የባቡር ሠራተኛ በባንዲራና በፋኖስ ይነጋገራል። የሽመና ማሽን በሚጮህበት አዳራሽም ከምላስ ይልቅ እጅና ዓይን ያግባባሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርተው ሲኖሩ ፊት ትልቅ ቋንቋ ነው።

ታዲያ ከጀዕፈር ምን እንማር? ከመካከላችን ባዕድ ሴት የማይጨብጥ ወንድም፣ ባዕድ ወንድ የማትጨብጥ እህት አሉ። ጎረቤት እጁን ሲዘረጋ ዝም ብሎ ማለፍ ግን ስድብ ሆኖ ይቆጠራል። ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ፊትን ፈታ አድርጎ፣ የቤተሰብን ደህንነት መጠየቅ፣ ምክንያቱንም በለዘበ ቃል ማስረዳት ይቻላል። ዓይንን መስበርና ፊትን ማዞር አንድ አይደሉም! የመጀመሪያው ሐያእ ነው፤ ሁለተኛው ሉቅማን ልጁን የመከረበት ኩራት ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲያነጋግሩ በመላ አካላቸው ይዞሩ ነበር፤ ፈገግታም ሰደቃ መሆኑን አስተምረዋል። ይህን ሰደቃ ለመስጠት ሀብት አያስፈልግም። ባለጉዳይ ሲመጣ ከወረቀቱ ቀና ማለት፣ የቤት ሠራተኛችን ስትናገር ዓይናችንን ከስልክ ማንሳት፣ ለሽማግሌ ከመቀመጫ ብድግ ማለት፣ ለችግረኛ ሳንቲም ስንሰጥ ሳንወረውር በእጁ ማስያዝ፣ ሁሉም ያለ ቃል የሚነገሩ ሰላምታዎች ናቸው።

አላህ ፊታችን ለጎረቤቶቻችን እፎይታ የሚሆን ያድርገን።