ላንድክሩዘራችሁን ራሳችሁ ሰርቪስ ስታደርጉ፦ የትኛውን መንካት፣ የትኛውን መተው

ኩየራ፣ አርሲ ነጌሌና ሻሸመኔ ያላችሁ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፦ «የቤታችንን ላንድክሩዘር ሰርቪስ ራሳችን ማድረግ እንችላለን? ወይስ ለእያንዳንዷ ነገር ጋራዥ እንሂድ?» አጭሩ መልስ፦ አብዛኛውን ትችላላችሁ። ረጅሙ መልስ ከታች አለ። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፣ ኮፈን በከፈታችሁ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

ነገሩ አሁን የበለጠ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሱቅ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ግቢያችሁ የቆመችው መኪና በቀላሉ በሌላ የምትተካ አይደለችም። ለብዙ ቤት ደግሞ እንጀራ ናት፦ ኮንትራት ትሠራለች፣ ከገጠር ድንችና ስንዴ ታወርዳለች፣ በሌሊት ወላድ ታደርሳለች።

እዚህ የምናወራው በዋናነት ስለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ነው፤ ሀርድቶፑም ፒክአፑም። አብዛኞቹ ላይ ያለው ሞተር 1ኤችዜድ ይባላል፦ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍታ፣ ተርቦ የሌለው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን በኮምፒውተር አይታዘዝም። በእጁ መማር ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም ብለን እናምናለን። ፕራዶና ቪ8 ያላችሁም አብዛኛው ይመለከታችኋል፤ የሚለየውን ቦታው ላይ እንናገራለን።

መጀመሪያ ስለ ነፍሳችሁ። መኪናዋ ባዶዋን ወደ 2 ቶን ገደማ ትመዝናለች። በክሪክ ብቻ የተነሳች መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ፤ «አንዴ ነው፣ ቶሎ እወጣለሁ» የሚባል ነገር የለም። ጥሩ ዜናው ከመሬት ከፍ ስለምትል ለዘይትም ለግሪስም ማንሳት አያስፈልግም። ለጥ ያለ ቦታ አቁሟት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። የመጨረሻዋን አትናቋት፤ እናንተ ሥር ሆናችሁ ታናሽ ወንድም ሊያስነሳት ይችላል።

አቧራው

በኛ አካባቢ ሞተር የሚገድለው ከምንም በላይ አቧራ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ስንዴ ሲታጨድ፣ ኮምባይነርና ትራክተር የጥርጊያ መንገዱን ሲያደቁት፣ ያ ዱቄት የሚመስል አፈር ቀጥታ ወደ አየር ፊልትሮ ይገባል። ፊልትሮው ካለፈው ደግሞ ሲሊንደርና የፒስቶን ቀለበት ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ውጤቱ ቶሎ አይታይም። ከዓመት በኋላ ዘይት መብላት፣ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት፣ ጠዋት አልነሳ ማለት ትጀምራለች። በዚያን ጊዜ ወሬው ሞተር ስለማስፈታት ይሆናል።

የአየር ፊልትሮውን በደረቁ ወራት ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ እዩ። በየቀኑ ገጠር የምትገባ ከሆነች በየሳምንቱ። ክዳኑን ፈትታችሁ ስታወጡት በድንጋይ ወይም በጎማ ላይ አትምቱት፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ጠርዙም ይጣመማል። አየር ካገኛችሁ ጎሚስታ ቤት በቀስታ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉት። ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ መቅበር ነው። በውሃ ማጠብም የለም፣ የወረቀት ፊልትሮ ከታጠበ አለቀለት። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያዙትና ከውስጥ ተመልከቱ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የምታሳይ ነጥብ ካለች ይጣል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ፊልትሮው ከወጣ በኋላ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ አፈር ከመጣ ፊልትሮው በትክክል አልገጠመም፣ ወይም የጎማ ጠርዙ ደርቋል፣ ወይም አንድ ቦታ ቱቦው ተሰንጥቋል ማለት ነው። አዲስ ፊልትሮ ብቻ ገዝቶ መግጠም ይህን አያድንም። ከፊልትሮው ቤት ታች ያለችውን ለስላሳ የጎማ ማራገፊያም በጣት ጨመቅ ጨመቅ አድርጓት፣ የተጠራቀመው አፈር ይወርዳል። ብዙ መኪና ላይ ወድቃ ጠፍታለች፤ ከጠፋች ግዙ፣ ትንሽ ዕቃ ናት።

ዘይት

መጽሐፉ ላይ ያለው ኪሎሜትር ምንም ይሁን፣ በአቧራና በዳገት ለምትሠራ መኪና በየ5,000 ኪሎሜትር ቀይሩ። 1ኤችዜድ ከፊልትሮው ጋር ከ9 ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ስለዚህ አምስት ሊትር አንድ ጀሪካን ገዝታችሁ አትጀምሩ። ለናፍታ ሞተር የተሠራ 15ደብሊው-40 ለኛ አየር ንብረት ይስማማል። ፕራዶና ቪ8 ያላችሁ ግን የሞተራችሁን ዓይነት ከመጽሐፉ አይታችሁ ግዙ።

አሠራሩ፦ ሞተሩን ጥቂት አሙቁት፣ አጥፉት፣ ትንሽ ጠብቁ። የሚፈላ ዘይት እጅ ይልጣል። ሥር አሮጌ ሳፋ አድርጉ፣ የታችኛውን ቡሎን ፍቱ፣ በደንብ ይንጠፍጠፍ። ፊልትሮውን ስትፈቱ የድሮው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በጣታችሁ አረጋግጡ፤ ሁለት ጎማ ተደርቦ ከታሰረ ዘይቱ መንገድ ላይ በግፊት ወጥቶ ያልቃል። የአዲሱን ጎማ አዲስ ዘይት ቀቡት፣ በእጅ እስኪነካ አዙሩ፣ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ጨምሩ፣ በቃ። በቁልፍ ማጥበቅ ጉልበት ማሳየት ካልሆነ ጥቅም የለውም። የታችኛውን ቡሎንም እንዲሁ፤ ጥርሱ ከተበላ ካርተሩ ጭምር ይበላሻል።

ዘይት ሞልታችሁ ስታስነሱ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ነዳጅ አትርገጡ። አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ በመለኪያ ዘንጉ እዩ፣ ሥሯንም እዩ። የናፍታ ዘይት በጥቂት ቀን መጥቆሩ ጤና ነው፣ አትደንግጡ። ወተት መስሎ ከነጣ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ መኪናዋን አታንቀሳቅሱ፣ መካኒክ ጥሩ።

የወጣውን ዘይት ደጅ አትድፉት። አንዳንዱ ምስጥ እንዳይበላው ብሎ የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሄዶ የሚያርፈው ያው የጎረቤት ጓሮና ጉድጓድ ውሃ ላይ ነው። በጀሪካኑ መልሳችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ጓንት አድርጉ፤ ያገለገለ ዘይት ቆዳ ላይ ሲመላለስ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች አሉበት።

ናፍታ ውስጥ ያለው ውሃ

ማደያ ወረፋ ሲበዛ ከበርሜልና ከጀሪካን የተቀዳ ናፍታ መግዛት የተለመደ ነው። እዚያ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ አለ። መኪናዋ ላይ የናፍታ ፊልትሮው ታች ውሃ የሚጠራቀምበት አለው፤ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ሥራው ቀላል ነው፦ ሥር ዕቃ አድርጉ፣ የታችኛዋን ማፍሰሻ በእጅ አንድ ሁለት ዙር አላሏት፣ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርጉ። መጀመሪያ ውሃና ዝቃጭ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ናፍታ ይወርዳል። ያን ጊዜ በእጅ አጥብቁ፣ ፓምፑን እስኪጠነክር ጫኑት። ቪ8 ናፍታና አዳዲስ ፕራዶ ላይ መብራቱ በርቶ «ቤት ደርሼ» ማለት አይቻልም፤ የእነሱ ኢንጄክተር ውሃን አይታገስም፣ ዋጋውም የሚያስለቅስ ነው።

ራዲያተሩና ዳገቱ

ላንጋኖ 1,585 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አርሲ ነጌሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጭነት ይዛ ያን ዳገት የወጣች መኪና ራዲያተሯ ምን እንደሚሸከም አስቡት። ሌላም ነገር አለ፦ በ2,000 ሜትር ከፍታ ተራ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል እንጂ 100 አይጠብቅም። መፍላቱን የሚያዘገየው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ ጎማዋ የደረቀች ክዳን ያላት መኪና ቆላ ላይ ደህና ሄዳ ኩየራን ሳታይ ትፈላለች፣ ሰውም ራዲያተር ይቀይራል። በክዳኑ ጀምሩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱት፣ ጎማውንና ስፕሪንጉን እዩ።

የምትጨምሩት ውሃ ጉዳይም አለ። ሻላና አብያታ ሐይቆች ሶዳ የበዛባቸው ናቸው፤ ከዚያ ቀድቶ ራዲያተር መሙላት ብረቱን ማስበላት ነው። የጉድጓድ ውሃም በስምጥ ሸለቆው ብዙ ቦታ ማዕድን ይበዛበታል፣ ጀበና ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩም ውስጥ ይጋገራል። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅሉ። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትደባልቁ። ቺንጊያዎቹንም በዚያው እዩ፤ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ካለ ይቀየር።

ግሪስና አራት ጎማ

ክሮቼራዎቹ ግሪስ የሚገባባቸው ትንንሽ ጫፎች አሏቸው። ላቫጆ ላይ «እጥበትና ግሪስ» ብለው ሲያስከፍሉ ሁሉንም ነክተው ላይሆን ይችላል፤ የእጅ የግሪስ ፓምፕ ገዝታችሁ ከጓደኛ ጋር ብትጋሩት ያዋጣል። ጫፏን መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉ፣ አለበለዚያ አፈሩን ነው የምትገፉት። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ስጧት። ወንዝ ከተሻገረች ደግሞ ኪሎሜትር ሳትቆጥሩ አድርጉ።

የፊት አራት ጎማዋን ለወራት የማያስገባ ሰው ብዙ ነው። ቶዮታ በወር ቢያንስ 16 ኪሎሜትር በአራት ጎማ ንዱ ይላል፤ የፊት ክፍሎቹ ዘይት እንዲያገኙ። ይህን ግን በደረቅ አስፋልት ላይ አታድርጉ፤ ሀርድቶፕ የፊቱንና የኋላውን የሚያለያይ ዲፈረንሲያል መሃል ላይ የላትም፣ ካምቢዮዋን ትጎዳላችሁ። ወደ ገጠር የሚገባ ማንኛውም የጥርጊያ መንገድ ይበቃል።

ጎማ አየር ጠዋት ሳትነዱ ለኩ፤ ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር አካባቢ ተለጥፏል። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ሄዳችሁ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ። ባትሪ ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ እጠቡ።

የማትነኩት

ፍሬን። ዓይናችሁ ይይ፣ እጃችሁ አይግባ። የፍሬን ዘይቱ ከቀነሰ ወይ ሸራው አልቋል ወይ አንድ ቦታ ያፈሳል፤ ዝም ብሎ መሙላት ምልክቱን መደበቅ ነው። የሞተር ዘይትም ሆነ የሳሙና ውሃ ጨምሮ «ቤት እስክንደርስ» የሚል ካለ አብራችሁት አትሳፈሩ፤ ጎማዎቹን አሳብጦ ያን የላንጋኖን ቁልቁለት ያለ ፍሬን ያወርዳችኋል። ከፊት ጎማ ውስጠኛ በኩል ግሪስና ዘይት ተቀላቅሎ ሲወርድ ካያችሁም ጋራዥ ውሰዷት፣ ፍሬን ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የታይሚንግ ቺንጊያ ነው። 1ኤችዜድ ላይ በየ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። መብራቱ ግን ቺንጊያውን አያየውም፣ የሚቆጥረው ኪሎሜትር ብቻ ነው። ያገለገለች ከገዛችሁና ኪሎሜትሯ ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ መብራቱ ምንም አይነግራችሁም። የቀድሞው ባለቤት በወረቀት ማሳየት ካልቻለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና አስቀይሩ፤ አሮጌውን ተቀበሉ፣ የቀየራችሁበትን ቀንና ኪሎሜትር በማይለቅ ቀለም ሽፋኑ ላይ አስጽፉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት።