የካዛንቺስ መንገድ ታሪክ፤ መሸታውና አዲሱ ቤት

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታቱ አዳራሽና የጦር አለቆቹ ስም በመጀመሪያው ገጽ ይቀመጣል፤ ሕዝቡ ጠዋት ወደ ሥራው የሚወጣበት፥ ማታ ደክሞ የሚመለስበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይሁን እንጂ አንድን መንገድ ማን እንደ ሠራው፥ ማን እንደ ተቀመጠበት፥ ማንስ ከርሱ እንደ ተነሣ የመረመረ ሰው የከተማውን ታሪክ ከሥሩ ያገኘዋል። በአዲስ አበባ ከካዛንቺስ ወደ ቅዱስ ዑራኤል የሚወስደው መንገድና በግራ ቀኙ ያለው ሰፈር ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በዚህ ስፍራ ዘጠና ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቤቱ ሥርዓት አራት ጊዜ ተለውጧል፤ ቤቱ በተለወጠ ቍጥርም መሸታው አብሮ ተለውጧል። የለውጡን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ማወቅ የሚሻ ሰው ሁለቱን አያይዞ መመልከት ይገባዋል።

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ጉዞ የመጣ ነው። ሠራዊት ሲጓዝ ውሎ ድንኳኑን የሚተክልበት ቦታ ሰፈር ይባላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተመሩ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ የጌታው አዳራሽ ከጕብታው ላይ፥ የአሽከሮቹና የወታደሮቹ ጎጆዎች ከግርጌው ሆኑ። በዚህም ምክንያት ባለጸጋና ድኻ በአንድ አጥር ዙሪያ አብረው ይኖሩ ነበር። ጠጅም በዚያ ዘመን ከጌታው ግብር የሚጠጣ እንጂ በገንዘብ የሚገዛ ነገር እምብዛም አልነበረም። ነገር ግን ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ጌታ የሌለው መንገደኛ፥ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በዛ፤ እርሱም የሚጠጣውን በገንዘቡ መግዛት ጀመረ። ጠላ የምትሸጥ ሴት በደጇ እንጨት ተክላ በጫፉ ጣሳ ትደፋበታለች፤ ያን ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ይገባል። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ሲቋቋም በቤት ከሚጠመቀው መጠጥ ጎን በጠርሙስ የሚሸጠው ቢራ ቆመ። የመሸታ ንግድ መሠረቱ የተጣለው እንግዲህ ካዛንቺስ የሚለው ስም ከመሰማቱ አስቀድሞ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ድል አድራጊዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ለከተማው አዲስ ፕላን አስነደፉ፤ የፕላኑም ዋና ሐሳብ ነጩንና አገሬውን በመኖሪያ መለየት ነበር። ለአገሬው ሕዝብ የተመደበው ገበያና ሰፈር በምዕራብ በኩል ሆነ፤ የዛሬው መርካቶ የተተከለው በዚያ ሐሳብ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከኢጣሊያ ለሚመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ግቢ ያላቸው የግንብ ቤቶች ተሠሩ። ቤቶቹን ያሠራው የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚያዘጋጅ የኢጣሊያ ድርጅት ስሙ በአጭሩ ሲጠራ ኢንቺስ ይባል ነበር። ካሳ በኢጣሊያንኛ ቤት ማለት ነውና፥ የኢንቺስ ቤቶች የተባለው ንግግር በአዲስ አበባ ሕዝብ አፍ ተለውጦ ካዛንቺስ ሆነ። ለሠራተኛ ወገን የተሠሩት ቤቶች ያሉበት ሰፈርም በዚሁ ዓይነት ፖፖላሬ ተብሎ ቀርቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው አዲስ ቤት የመጣው ያገሩን ሰው ወደ ውጭ አድርጎ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የኢጣሊያ ሕግ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ እንዳይኖር በእስራት ቅጣት ከለከለ። ቤትን በመለየት የጀመረው አገዛዝ ማዕድንና መኝታንም እስከ መለየት ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን የሰው ኑሮ ለፕላን ሁልጊዜ አይገዛም። በነዚያው የመከራ ዓመታት የአዲስ አበባ ሕዝብ ሬሳውን ተረዳድቶ ለመቅበር፥ ኀዘንተኛውንም ለማጽናናት በዕድር መሰብሰብን እንዳበዛ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ካዛንቺስን የወለደው ዘመንና የከተማውን ዕድር ያሳደገው ዘመን አንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ወደዚሁ ይመለሳልና።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ቤቶቹ ለሌላ ባለቤት አለፉ፤ የቦታውም ዋጋ ከፍ እያለ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአቅራቢያው ታነጸ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኤኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን በአዲስ አበባ አደረገ፤ በ1953 ዓ.ም. አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ፕላኑን የነደፈው የአፍሪቃ አዳራሽ ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት 17 ቀንም የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት በዚሁ ከተማ ተመሠረተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሒልተን ሆቴል ተከፈተ። እንግዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካዛንቺስ በሁለት ቤተ መንግሥትና በአንድ የዓለም ጉባኤ አዳራሽ መካከል ያለ ሰፈር ሆነ።

ይህ ሁለተኛው ለውጥ ነው። የዲፕሎማቱ፥ የጸሐፊውና የመኰንኑ ቤት በዋናው መንገድ ላይ ሲቆም፥ ልብሳቸውን የሚያጥበው፥ ግቢያቸውን የሚጠብቀው፥ ምግባቸውን የሚሠራው ሰው በጓሮ በኩል በጭቃ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ደመወዝ ባለበት ስፍራ መሸታ አይታጣምና ቡና ቤቶች በየበሩ ተከፈቱ። ስሙ ቡና ቤት ይባል እንጂ የሚሸጠው ቢራና ውስኪ ነበር፤ በኋላ ዘመን ግሮሰሪ የሚለው ቃል ለትንሽ መጠጥ ቤት ስም እንደ ሆነው ሁሉ፥ ያገሬው ሰው ለመሸታው ሌላ ስም ማውጣት ይወዳል። ማታ ማታ በየደጁ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከውስጥ የሸክላ ዘፈን ይሰማል።

የነዚህን ቤቶች ታሪክ የሚናገር ሰው ሴቶቹን ሳያነሣ ቢያልፍ ታሪኩን አጐደለ ይባላል። ከገጠር ትዳር ፈርሶባት፥ ወይም ያለ ዕድሜዋ ከተሰጠችበት ባል ሸሽታ፥ ወይም ርስት ሳይደርሳት ቀርቶ ወደ ከተማ የመጣች ሴት ትምህርት ስለሌላት ያሏት መንገዶች ሁለት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ግርድና፥ ጠላና አረቄ ሽያጭ፥ ወይም ቡና ቤት። ብርቱዪቱ በኪራይ ክፍል አረቄ መቅዳት ጀምራ፥ ገንዘብ ስታጠራቅም ጠጅ ጥላ፥ ፈቃድ አውጥታ የራሷን ቡና ቤት ትከፍታለች፤ ልጆቿን ታስተምራለች፥ ዘመዶቿን ከገጠር ታመጣለች። ዕድል ያልቀናት ግን በመጋረጃ ጀርባ ጤናዋንና ዕድሜዋን ጨርሳ ስሟን የሚጠራ ዘመድ ሳይኖራት ታልፋለች። በሌላ በኩል ደግሞ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ጠጥቶ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ የሚመለስ አባት ነበር። መሸታው ለአንዱ ቤት እንጀራ፥ ለሌላው ቤት ረኃብ ነበረና፥ ይህን መንገድ የረገሙትም የመረቁትም ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው።

ሦስተኛው ለውጥ በአዋጅ መጣ። የዘውዱ መንግሥት ከወረደ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሀብት እንዲሆን ደርግ አወጀ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የጭቃ ቤቱ ተከራይ ኪራዩ ቀነሰለት፤ አከራዩም በፈለገ ቀን ውጣ ሊለው አልቻለም። ከአራቱ ለውጦች መካከል በጓሮ ላለው ድኻ ተብሎ የመጣ ይህ አንዱ ብቻ ነው። ነገር ግን ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ብር ቤቱን ማደስ አልተቻለውም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን ለማፍሰስ ሠጋ። ጣራው ዛገ፥ ግድግዳው ዘመመ፥ አንዱ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። ልጅ አግብቶ በዚያችው ክፍል ቆጥ እየሠራ፥ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣራ ሥር የተጠጋበት ቤት ጥቂት አይደለም።

መሸታውም በዚያ ዘመን ጠባዩ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ ጠጪው ወይ ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ መግባት፥ ወይ በሩ ከተዘጋበት ቡና ቤት ማደር ነበረበት። በቀይ ሽብር ዓመታት ማታ በር ሲንኳኳ እንግዳ መጣ ብሎ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠው ጥቅም ያን ጊዜ ታወቀ፤ የተያዘውን ልጅ የት እንዳሉት የሚያጠያይቅ፥ ለእናቲቱ ውኃ የሚያቀርብላት፥ ማልቀስ በተከለከለበት ቀን ከአጠገቧ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የግድግዳ ተጋሪዋ ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የሰዓት እላፊው ተነሣ፤ የካዛንቺስም ሌሊት እንደገና ረዘመ። የአዝማሪ ቤቶች በረከቱ፤ መሰንቆ ይዞ ከገጠር የመጣው አዝማሪ ለእንግዳው ስሙን ጠይቆ በግጥም ሲያወድሰው ወይም ሲሸረድደው ያመሽ ነበር። ፈንድቃ የተባለው የአዝማሪ ቤት በውዝዋዜው ስመ ጥር በሆነው በመላኩ በላይ እጅ የባህል ማዕከል ሆኖ የሰፈሩን ስም እስከ ባሕር ማዶ አደረሰ። ስለዚህ ከመሸታ ቤት ጥፋት ብቻ ወጣ ማለት አይቻልም፤ የአገር ዜማና ጭፈራ መጠለያ ያገኘው በዚያ ነው።

ነገር ግን በዚሁ ጊዜ የመሬቱ ነገር ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ በሊዝ መሰጠት ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ሊዙን አጸናው። ከዚህ በኋላ የጭቃ ቤቱ ዋጋ በጭቃው ሳይሆን በተቀመጠበት አፈር ተመዘነ። መስታወት የለበሱ ሆቴሎችና የቢሮ ሕንጻዎች በየቦታው ተነሡ፤ ከሥራቸውም ወንበራቸው ለስላሳ፥ መጠጣቸው ውድ የሆነ አዳዲስ መጠጥ ቤቶች ተከፈቱ። የቀድሞው ቡና ቤት ደንበኛ የሰፈሩ ጡረተኛ፥ ሾፌርና ጠባቂ ነበር፤ የአዲሱ ደንበኛ ግን በመኪና መጥቶ በመኪና የሚሄድ ሆነ። ለሰፈሩ ሰው የቀረው የመኪና ጥበቃና የሌሊት ድምፅ ነበር።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው ለውጥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መጣ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ የጀመረው የኮሪደር ልማት በሁለተኛው ምዕራፉ ወደ ካዛንቺስ ደረሰና፥ የጭቃ ቤቶቹ፥ ቡና ቤቶቹ፥ ግሮሰሪዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ፈንድቃም ከነበረበት ቤት ተነሣ። ብዙው ነዋሪ ከከተማው ዳር ወደ ተሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛወረ። ኮንዶሚኒየም የሚባለው ይህ ዓይነት ቤት በአዲስ አበባ በብዛት መሠራት የጀመረው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ነው። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛው መሄጃ ተነጠፈ፤ መብራቱ በዛ።

ስለዚህ ነገር ፍርድ ሲሰጥ ሚዛኑ ቀና ሊሆን ይገባዋል። በዘመመ ግድግዳ ሥር ልጅ ያሳደገች እናት በራሷ ቤት ውስጥ የውኃ ቧንቧና መጸዳጃ ስታገኝ ደስ ቢላት የሚነቅፋት የለም፤ የጭቃውን ቤት ሥቃይ ያልቀመሰ ሰው ብቻ ያ ቤት ባይፈርስ ኖሮ ይላል። ነገር ግን ቤት ሲቈጠር የክፍሉ ብዛት ይቈጠራል እንጂ በበሩ የሚገባው ጎረቤት አይቈጠርም። ቂጣና አምባሻ በደጇ የምትሸጥ አሮጊት ገበያዋ የመንገዱ አላፊ ነበር፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ አላፊ የለም። ቀን በሰው ቤት የምታጥበው ሴት ወደ ሥራዋ በእግሯ ትደርስ ነበር፤ ዛሬ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከዋጋዋ ላይ ይነሣል። ለአርባና ለኀምሳ ዓመት ዕድር የከፈለ ሽማግሌ አባላቱ በየማዕዘኑ ሲበተኑ ድንኳኑን ማን እንደሚተክልለት ይጨነቃል።

የካዛንቺስ ታሪክ ሲጠቀለል የሚያስተምረው ይህን ነው። ባዕድ ገዥ የገነባው ግንብ ለአገሬው ሰው ሆነ፤ ቀይ መብራት የነበረበት ቤት የዜማ ቤት ሆነ፤ ግንብና መሸታ ጌታውን እየለወጠ ይኖራል። ሰፈሩን በነዚያ ሁሉ ለውጦች ሰፈር አድርጎ ያቆየው በኀዘን ቀን የሚመጣው ሰው ነበር። ስለዚህ ወደ ፊት ሌላ ሰፈር ለማንሣት የሚያስብ ሁሉ የዕድሩን መዝገብ ከቤቱ ካርታ ጋር አብሮ ቢያነብና የተጎራበቱትን ሳይበትን በአንድነት ቢያሰፍራቸው፥ ለድኻው የሚሰጠው ቤት ምሉዕ ይሆናል። የተበተኑትም ቢሆኑ በሰንበትና በወርኃዊው በዓል ከሩቅ ተነሥተው በቀድሞው መንገዳቸው ሲመጡ በአጥቢያው ቅጽር ውስጥ ይገናኛሉ፤ ስለ ልጆቻቸው ይጠያየቃሉ፥ ስለ ሞተው ይላቀሳሉ። በዚያ ሰዓት ከአፈረሱት ቤት አንዱ ስንኳ ቆሞ አይታይም፤ ካዛንቺስ ግን አለ።