የጣና ታንኳና የዓሣ አጥማጁ ውሳኔ

ከደባርቅና ከዳባት በጐንደር በኩል ወደ ደቡብ የወረደ መንገደኛ ጣና ሲደርስ፣ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን ይመለከታል። የገዛ ታንኳውን ለመሥራት የሚያስብ አጥማጅ ምን ያመዛዝን እንደ ነበር የሚታወቀው በዚህ ሐይቅ ዳር ነው።

ታንኳ መሥራት የታወቀ የወይጦዎች ሙያ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ደርቆም በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ አንድነት ተጠፍረው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል ይደረጋል። ምስማርም ሳንቃም አያሻውም። ነገር ግን ደንገል ውኃ ይጠጣልና፣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ካልደረቀ ፈጥኖ ይከብዳል፤ ቢጠነቀቁለትም ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። ስለዚህ «ልሥራ ወይስ ልተው» የሚለው አሳብ አንድ ጊዜ ተቈርጦ የሚቀር አይደለም፤ ደጋግሞ ይመለሳል። (ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በግብፅ ያሠራት «ራ» ደንገሏ ከጣና የሄደ ነበር፤ እርሷም አትላንቲክን ሳትጨርስ ውኃ ጠጥታ ተትታለች።)

እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ባሕር ዳር ሲገባ፣ ታንኳው ይጠፋል ብሎ የገመተ ቢኖር ተሳስቷል። ሞተር ነዳጅና መለዋወጫ ይጠይቃል፤ ድኻው አጥማጅ ግን አዲሱን መረብ በአሮጌው ታንኳ ጭኖ ቀጠለ። እንደሚመስለኝ ውሳኔውን ከእጁ የሚነጥቀው ሞተሩ ሳይሆን የደንገሉ መመናመን ነው። ዳርቻው ሲታረስ አጫጁ ርቆ ይሄዳል፤ ወይም ደንገሉን ይገዛል። ያን ጊዜ የታንኳ ዋና ብልጫ፣ ማለት ያለ ገንዘብ ሥራ መጀመር፣ ይቀርበታል።